ቫይረሶችና የሳንባ ካንሰር

የሳንባ ካንሰር በሳንባ ወይም በአየር ቧንቧ ሕዋሳት ላይ የሚነሳ፣ ከቁጥጥር ውጭ የወጣ የሕዋስ መብዛት ነው። በዓለም ላይ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲታመሙበት 1.8 ሚሊዮን ያህሉ ሞተውበታል። ዋና መንስኤው የትምባሆ ጭስ መሆኑ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ ጥናቶች ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ከሕሙማኑ መካከል እንደ አገሩ ሁኔታ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። እነዚህን ሰዎች ምን አሳመማቸው ለሚለው ጥያቄ ከቀረቡት መላምቶች አንዱ የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው።

እስካሁን የታወቀው ይህ ነው፦ በበጎች ላይ አንድ ቫይረስ የሳንባ ካንሰር ማምጣቱ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል። በሰው ላይ ግን እምብዛም ከማይገኝ አንድ የካንሰር ዓይነትና ከጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች በቀር ቫይረስ በቀጥታ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። በሳንባ ዕጢ ውስጥ የቫይረስ ዘረመል ያገኙ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ቫይረሱን በዕጢው ውስጥ ማግኘትና ዕጢውን ያመጣው ቫይረሱ ነው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ገጽ አብዛኛው ክፍል የሚናገረው ስለዚህ ልዩነት ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከሴቶች መካከል ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ በወላይታ ዞን ከቦምቤ ወይም ከአረካ ዙሪያ ካለ ቀበሌ የምትመጣ፣ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት የሳንባ ካንሰር ቢገኝባት፣ ቤተሰቧ «ከየት መጣ? ይተላለፋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ቫይረስ ካንሰር የሚያመጣበት መንገድ

ቫይረስ በራሱ መባዛት የማይችል፣ በፕሮቲን ልባስ የተጠቀለለ የዘረመል ቁራጭ ነው። ሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሕዋሱን መሣሪያዎች ለራሱ መባዣ ያደርጋቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው ሕዋስ ይሞታል፣ ወይም የሰውነት በሽታ መከላከያ ቫይረሱን ያጸዳዋል፤ ሰውየው ጥቂት ቀን አስሎ ይድናል። ለካንሰር የሚያሰጋው ሕዋሱን ሳይገድል ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው።

ይህ ሐሳብ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። አሜሪካዊው ፔይተን ራውስ በ1911 እ.ኤ.አ. ከታመመች ዶሮ ዕጢ የተጨመቀን ፈሳሽ፣ ሕዋስም ባክቴሪያም በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ በጤነኛ ዶሮዎች ላይ ወጋው፤ ዕጢም አበቀሉ። ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግን ከ55 ዓመት በኋላ በ1966 እ.ኤ.አ. ነበር። በሰው ላይ የመጀመሪያው ማስረጃ የመጣው ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ዕጢ በ1958 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጻፈ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ በዚያ ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ አገኙ። በአሁኑ ጊዜ ከዓለም አዲስ የካንሰር ሕመም 13 በመቶ ያህሉ በተላላፊ ተሕዋስያን ምክንያት እንደሚመጣ ይገመታል፤ ከነዚህም ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር፣ የጉበት ካንሰርና በባክቴሪያ የሚመጣው የጨጓራ ካንሰር ዋናዎቹ ናቸው።

አሠራሩ በሦስት መልክ ሊታይ ይችላል። አንዳንድ ቫይረስ የራሱን ካንሰር አምጪ ፕሮቲን ይሠራል። ለምሳሌ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፤ የመጀመሪያው ፒ53 የተባለውን የሕዋስ ጠባቂ እንዲፈርስ ያደርጋል፣ ሁለተኛው አርቢ የተባለውን ፍሬን ያላላል። ሌላው ዓይነት የራሱን ዘረመል በሰው ዲኤንኤ መካከል ይሰነቅርና አጠገቡ ያለውን ጂን ያውካል፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ይህን ያደርጋል። ሦስተኛው መንገድ ቀጥተኛ አይደለም፦ ቫይረሱ ዕጢው ውስጥ ባይኖርም የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ወይም የማያቋርጥ ቁጣ በመፍጠር ለካንሰር ሜዳውን ያመቻቻል። ስለ ሳንባ በሚነሳው ክርክር ውስጥ ሦስቱም መንገዶች ይጠቀሳሉ።

የበጎች የሳንባ ካንሰር

በቫይረስ ስለሚመጣ የሳንባ ካንሰር የሚታወቀው ከሁሉ የጠራው ነገር ያለው በበግ ላይ ነው። በሽታው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ በግ አርቢዎች ዘንድ ያግሲክተ በሚል ይታወቅ ነበር፤ በአፍሪካንስ ቋንቋ «የመባረር በሽታ» እንደማለት ነው። የታመመው በግ ቆሞም ቢሆን ከኋላው አውሬ እንዳባረረው ያለከልካል። አምጪው ያግሲክተ የበግ ሬትሮቫይረስ ይባላል።

ቫይረሱ የሚያጠቃው በአየር ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ያሉትንና ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ፈሳሽ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱ ሲበዙ ፈሳሹም ከልክ በላይ ይበዛል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ቀላል ምርመራ ነበራቸው፦ የበጉን የኋላ እግሮች ከፍ አድርገው ራሱን ወደ ታች ሲያዘነብሉት ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል። ያ ፈሳሽ ቫይረሱን ይዞ ወደ ሌሎች በጎች ያስተላልፋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ከጎልማሳ በግ ሕዋስ ተቀድታ የተወለደችው ታዋቂዋ ዶሊ በየካቲት ወር 2003 እ.ኤ.አ. እንድትሞት የተደረገችው በዚሁ በሽታ ተይዛ ስለነበር ነው። መቀዳቷ ሳይሆን ቫይረሱ ነው ለሞት ያበቃት።

ተመራማሪዎችን የሚያስገርመው የቫይረሱ አሠራር ነው። የውጭ ልባሱ ፕሮቲን ራሱ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት፣ ጤነኛን የሳንባ ሕዋስ ወደ ካንሰር ሊለውጥ ይችላል። ዕጢው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰው ላይ፣ በተለይም በማያጨሱ ሰዎች ላይ ከሚገኝ አንድ የአዴኖካርሲኖማ ዓይነት ጋር ይመሳሰላል። በዚህ ምክንያት «በሰውም ላይ ተመሳሳይ ቫይረስ ይኖር ይሆን?» ተብሎ ለዓመታት ተፈልጓል። እስካሁን የተረጋገጠ የለም። የበጉ ቫይረስም ሰውን እንደሚያሳምም አልታየም፤ ስለዚህ በግ የሚያረባ ሰው በዚህ ምክንያት የሚሰጋበት ነገር የለም።

ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ

በሰው የሳንባ ካንሰር ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተፈለገው ቫይረስ ኤች ፒ ቪ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ፊንላንዳዊው ካሪ ሲርያነን ሲሆን ዘመኑ 1979 እ.ኤ.አ. ነበር። በአንዳንድ የአየር ቧንቧ ካንሰሮች ጠርዝ ላይ በማህፀን በር ላይ ኤች ፒ ቪ ከሚያደርሰው ጋር የሚመሳሰል የሕዋስ ለውጥ አይቶ ነበር። የቫይረሱ 16ኛና 18ኛ ዓይነቶች የማህፀን በር ካንሰር መንስኤ መሆናቸው በኋላ ሲረጋገጥ (ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. ለዚህ ኖቤል ተሸልሟል) የሳንባው ጥያቄም ክብደት አገኘ።

በጣም የተጠቀሰው ጥናት ከታይዋን ነው። በዚያ አገር የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ አያጨሱም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ141 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ከግማሽ በሚበልጡት ዕጢ ውስጥ የኤች ፒ ቪ 16 ወይም 18 ዲኤንኤ አገኘ፤ ካንሰር ከሌለባቸው 60 ሰዎች ግን በሩብ ያህሉ ብቻ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በማያጨሱ ሴቶች ላይ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ አለቀ ሊል ይችላል። ነገር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረጉ ምርመራዎች የሚያገኙት በጣም ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አላገኙም። ቫይረሱን፣ ንቁ መሆኑንና በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ጎን ለጎን የመረመሩ ሰፋ ያሉ ሥራዎች የመንስኤነት ግንኙነት አላዩም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፊሉ ከአካባቢው ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ግን ከመሣሪያው ነው። ፒ ሲ አር የሚባለው ዘዴ ጥቂት የዲኤንኤ ቅንጣቶችን በሚሊዮን እጥፍ ያባዛል። ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው፤ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ወይም ከጓንት የመጣች አንዲት ቅንጣት «ቫይረስ ተገኘ» ልታሰኝ ትችላለች። ካንሰር በሌለባቸው ሰዎች ሩብ ላይ ቫይረሱ መገኘቱም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የኮምፒዩተር ተማሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ የሚከተለውን ታሪክ ይወደዋል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ፍለጋው ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። ከዕጢ የተነበበው ዘረመል በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠሩ አጫጭር የፊደል ሰንሰለቶች ተከፋፍሎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ከሰው ዘረመል ጋር የሚገጥመውን ያነሳል፤ የተረፈውን ከታወቁ ቫይረሶች ዝርዝር ጋር ያስተያያል። በአሜሪካ በሺዎች በሚቆጠሩ ዕጢዎች ላይ የተሠራው የካንሰር ዘረመል ክምችት በዚህ መንገድ ተፈትሾ፣ ኤች ፒ ቪ 18 ባልተጠበቁ ዕጢዎች ውስጥ ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ሌላ ቡድን ሰንሰለቶቹን ፊደል በፊደል ሲያያቸው የቫይረሱ ምልክት ሄንሪየታ ላክስ ከተባለችው አሜሪካዊት የማህፀን በር ካንሰር በ1951 እ.ኤ.አ. ከተወሰዱትና እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ከሚራቡት ሂላ ከሚባሉ ሕዋሳት ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ቫይረሱ ከሕሙማኑ ሳይሆን ከላቦራቶሪ ብክለት የመጣ ነበር። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን በትክክል አነበበ። የተሰጠው ነው ንጹሕ ያልነበረው።

ከብክለት ሌላ ሁለት ማጣሪያዎች አሉ። ቫይረሱ ንቁ ነው ወይ? ማለትም ኢ6ና ኢ7 በዕጢው ውስጥ እየተሠሩ ነው ወይስ ቫይረሱ መንገደኛ ሆኖ አርፏል? ደግሞስ ዕጢው የሳንባ ነው ወይ? የማህፀን በር ካንሰር ወደ ሳንባ ሊሰራጭ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳንባ ውስጥ የተገኘው ዕጢ በኤች ፒ ቪ የተሞላ ቢሆን አያስደንቅም። የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሴቶች ላይ በብዛት በሚታይበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። ኤች ፒ ቪ ያለበት የሳንባ ዕጢ የተገኘባት ሴት በመጀመሪያ የማህፀን በር ምርመራ ልታገኝ ይገባል።

ኤች ፒ ቪ በሳንባ ላይ ጉዳት ማድረሱ የተረጋገጠበት አንድ ሁኔታ ግን አለ። 6ኛና 11ኛ የተባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ተላልፈው በልጁ ጉሮሮ ውስጥ ኪንታሮት መሰል ዕጢ ያበቅላሉ። ልጁ ድምፁ ይሻክራል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዕጢው ቢቆረጥም ተመልሶ ይመጣል። ከነዚህ ልጆች በጥቂቶቹ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከነዚያም በጥቂቶቹ፣ በተለይ በ11ኛው ዓይነት፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል። በጣም አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። ሆኖም እነዚህን ዓይነቶች የሚጨምረውን ክትባት ቀድማ የጀመረችው አውስትራሊያ በልጆች ላይ የጉሮሮው ዕጢ በጉልህ ሲቀንስ አይታለች። ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪን ክትባት በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ የሚሰጠው ለማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃል ብሎ ማስተዋወቅ ከማስረጃው መቅደም ይሆናል።

ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ

በሰው ላይ ከቫይረስ ጋር ያለው ዝምድና ጠንካራ የሆነው የሳንባ ካንሰር ሊምፎኤፒተሊያል ካርሲኖማ ይባላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጸ። በደቡብ ቻይና፣ በሆንግ ኮንግና በታይዋን ይበዛል፤ ሕሙማኑ ከሌላው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በዕድሜ ያነሱና ብዙዎቹ የማያጨሱ ናቸው። በእስያ ሕሙማን ዘንድ የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ በዕጢው ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ በአጠገቡ ባለው ጤነኛ ሥጋ ውስጥ ግን አይገኝም። ከላይ ለኤች ፒ ቪ የጠየቅነውን ፈተና የሚያልፈው እንግዲህ ይህ ነው።

ይሁንና ይኸው ቫይረስ በዓለም ላይ ከአዋቂዎች 90 በመቶ በሚበልጡት ሰውነት ውስጥ አለ። ብዙው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፣ አያውቀውምም። ሁሉም ተሸክሞት ጥቂቶች ብቻ የሚታመሙበት ከሆነ ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም፤ የዘር፣ የምግብ ወይም ሌላ የአካባቢ ምክንያት አብሮት መኖር አለበት።

ኤች አይ ቪ

ኤች አይ ቪ የሳንባ ዕጢ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ አይለውጠውም። ሆኖም ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በመጀመሪያ «ብዙዎቹ ስለሚያጨሱ ነው» ተብሎ ነበር፤ ከፊሉም እውነት ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ግን የማጨስ ልዩነት ተቀንሶ እንኳ አደጋው 1.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የበሽታ መከላከያ መዳከም፣ የሳንባ ምች መደጋገምና የማይበርድ ቁጣ እንደ ምክንያት ይቀርባሉ።

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ መድኃኒቱን የጀመሩ የ30 ዓመት ሰዎች ዛሬ 50ን አልፈዋል፤ ካንሰር የሚበዛበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ይህ የሕክምናው ስኬት ያመጣው አዲስ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ በኤች አይ ቪ ሕሙማን ሳንባ ውስጥ የሚታየው የካፖሲ ሳርኮማ በሌላ ቫይረስ (በሰው ሄርፒስ ቫይረስ 8) የሚመጣ የደም ሥር ካንሰር እንጂ የሳንባ ካንሰር አይደለም፤ ሁለቱ በተለምዶ ይምታታሉ።

ሌሎች ቫይረሶች

የኩፍኝ ቫይረስ፣ የሜርክል ሕዋስ ፖሊዮማ ቫይረስና ጄሲ የተባለው ቫይረስ በሳንባ ዕጢ ውስጥ መገኘታቸውን የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን በሌሎች እጅ ሲደገም አልጸናም። በ2025 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተሠራ ሥራ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ-19 ቫይረሶች ሳንባ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። ይህ ስለ ካንሰር መሰራጨት እንጂ ስለ ሳንባ ካንሰር መነሳት አይደለም።

በኢትዮጵያና በወላይታ

ወላይታ መንስኤን ስለማረጋገጥ የሚያስተምር የራሱ ታሪክ አለው። በዞኑ በባዶ እግር በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር ማበጥ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ በትንኝ በሚተላለፍ ትል እንደሚመጣ ይታሰብ ነበር፤ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ እብጠት የሚያመጣው ያ ትል ስለሆነ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ሥራ የደጋው ሕመም ከትሉ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ከመጣው ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 በላይ እንደሚያዝበት ታይቷል። ተላላፊ ነው ተብሎ በጋብቻና በማኅበር ሲገለል የኖረ ሰው የተገለለው በሌለ ምክንያት ነበር። መድኃኒቱም ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ሆነ። ዝሆኔና ሳንባ ካንሰር አይገናኙም፤ ነገር ግን ያለ ማስረጃ «ተላላፊ» የሚል ቃል በታማሚ ላይ ምን እንደሚያደርስ ወላይታ ውስጥ መተረክ አያስፈልገውም።

ለማታጨሰው እናት ሳንባ ከቫይረስ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የምድጃ ጭስ ነው። በቦምቤና በአካባቢው ገጠር ቦዬው፣ ጎደሬውና ቆጮው የሚበስለው በብዛት በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በባሕር ዛፍ እንጨትና በቅጠል ነው፤ ጭስ መውጫ የሌለው ቤት ብዙ ነው። እናት ሕፃን አዝላ በቀን ለሰዓታት እዚያ ትቀመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ፣ የእንጨት ጭስ ደግሞ ምናልባትም የሚያመጣ ብሎ አስቀምጧቸዋል። በቻይና ሹዋንዌይ በተባለ አውራጃ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር በብዛት ሲሞቱ መንስኤው ቤት ውስጥ የሚነደው ከሰል ሆኖ ተገኘ፤ ምድጃው ጭስ ማውጫ ሲሠራለት ሕመሙ በጉልህ ቀነሰ። ወላይታ የሚያነደው እንጨት ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይገለበጥም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ ባይሆንም በዚህ ጉዳይ ላይ ከቫይረሶቹ ይልቅ ለኢትዮጵያ ይቀርባል። ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ቲቢ የነበረባቸው ሰዎች የሳንባ ካንሰር አደጋቸው ከፍ እንደሚል በብዙ አገሮች ጥናቶች ታይቷል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

ቫይረስ በኢትዮጵያ የሳንባ ካንሰር ላይ ድርሻ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ቁሱ ቀላል፣ ሥራው ረጅም ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የገጠሩ ሕመምተኛ ግን እዚያ የሚቆጠረው እስከዚያ ከደረሰ ነው። በፓራፊን የተቀመጡ የዕጢ ናሙናዎች፣ በንጽጽር የሚታይ ካንሰር የሌለበት የሳንባ ሥጋ፣ እንዲሁም ስለ እያንዳንዱ ሰው የተመዘገበ መረጃ ያስፈልጋል፦ በምን ያበስል እንደነበር፣ ቲቢ ነበረው ወይ፣ ኤች አይ ቪ አለበት ወይ፣ ያጨስ ነበር ወይ። ይህ ካልተመዘገበ በዕጢው ውስጥ ቫይረስ ቢገኝ እንኳ ከጭሱ ወይም ከጠባሳው ለይቶ መናገር አይቻልም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ቫይረሱን አስወግዶ ካንሰሩ ሲቀንስ ማየት ነው። ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን ለሄፓታይተስ ቢ መከተብ ስትጀምር በልጆች ላይ የጉበት ካንሰር ቀነሰ፤ ክርክሩም በዚያ ተዘጋ። ለሳንባ ካንሰር እንዲህ ያለ ነገር እስካሁን የለም።

ይተላለፋል ወይ?

የሳንባ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሳልም፣ በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይያዝም። ቫይረስ ድርሻ ባለው የካንሰር ዓይነት እንኳ የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም፤ ኤፕስታይን-ባርን ደግሞ ከታማሚው ሳንገናኝ አብዛኞቻችን ቀድመን ይዘነዋል። በአገራችን «የሳንባ በሽታ» ሲባል ቲቢ ስለሚታሰብ የታማሚውን ሲኒና ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ካንሰር መሆኑ ለተረጋገጠበት ሰው ይህ ምንም አይጠቅምም፤ በመጨረሻ ወራቱ ብቻውን እንዲበላ ከማድረግ በቀር።

ከቲቢ ጋር መምታታቱ

ሁለቱ በሽታዎች ምልክታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የማያቋርጥ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ ክብደት መቀነስ። በራጅ ፊልም ላይም ሁለቱ እንደ ጥላ ይታያሉ። በኢትዮጵያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለቲቢ እንዲመረመር ይመከራል። ቲቢ እጅግ የበዛ፣ ሊድን የሚችልና ተላላፊ ስለሆነ ይህ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው አክታው ቲቢ የለውም ተብሎ፣ በራጅ ብቻ የስድስት ወር መድኃኒት ሲጀመርና ሳሉ ሳይሻል ሲቀር ነው። ቲቢ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አብዛኛው ሰው መሻሻል ያሳያል፣ ክብደትም ይጨምራል። ያልተሻለው ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊኖርበት ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ካንሰር መሆኑን የሚወስነው ከዕጢው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና ነው። ለዚያ ሲቲ ስካን፣ ብዙ ጊዜም ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ካሜራ (ብሮንኮስኮፒ) ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ለአንዳንዱም ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ መሄድን ይጠይቃል። ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጀምሮ መድኃኒቱን የሚከታተል ማንኛውም ሰው ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለት ወር ከወሰደ በኋላ ሳሉ ቀንሷል ወይ፣ ክብደቱስ ጨምሯል ወይ? መልሱ ሁለቱንም «አይደለም» ከሆነ መድኃኒቱን እስከ ስድስተኛው ወር ከመጠበቅ ይልቅ አክታው እንደገና እንዲመረመርና ሰውየው ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል።